ሲስተሙ ቀይ ያደረገው ባቄላ

ሐሙስ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ደብረ ታቦር

የጥር ውርጭ ነው። ጋቢዬን ደርቤ፣ ጆሮዬን ሸፍኜ ባልትናው በር ላይ ቆሜያለሁ። መኪናዋ ተነሣሁ ትልና ትጠፋለች፤ ደግማ ተነሣሁ ትልና ትጠፋለች። ሾፌሩ ኑሩ አፍንጫዋን ከፍቶ ሆዷን እያየ፣

«አያ ታደገ፣ አንቱም እንደሷ ብርድ ይፈራሉ?» ይለኛል።

«እኔስ አንዴ ከተነሣሁ አልጠፋም» አልኩት። ሳቀና መታ አደረጋት፤ እሷም ተነሣች።

የምንሄድበትን ነገር ልንገራችሁ። እኔ ሳይገባኝ የሄድኩበት ስለሆነ እናንተ እንኳ ይግባችሁ። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሽሮና በርበሬ የሚያዘጋጅ የሴቶች ማኅበር አባል ነበረች። እሷ ስታርፍ ድርሻዋ ለኔ ተላለፈና በሴቶች መካከል አንድ ሽማግሌ ሆኜ ቀረሁ። ስብሰባ ሲከፈት እመርቃለሁ፤ ሲጣሉ አስታርቃለሁ። ትምህርቴ ፊደል ቆጥሬ፣ ዳዊት ጀምሬ ያቆምኩት ነው፤ ስለዚህ ሒሳቡንም ኮምፒውተሩንም ለነሱ ትቻለሁ።

ዘንድሮ ሲስተም የሚባል ነገር መጣ። ይዛው የመጣችው ሰናይት ትባላለች፤ ከባሕር ዳር ነች፤ ረጋ ያለች፣ ሰው የምታከብር ሴት ነች። የሽሮ እህል የሚያቀርቡልንን ከእንግዲህ የሚመርጠው ሲስተሙ ነው አለችን። እንዲመርጥ ግን መጀመሪያ እኛን መጠየቅ አለበት። ሰሌዳ የምታህለውን ስልኳን ይዛ መካከላችን ቁጭ አለችና፣

«ከጥራትና ከብዛት የቱ ይበልጥባችኋል? በስንት እጥፍ?» አለች።

ሴቶቹ ተያዩ። እትዬ ዘውዲቱ፣ በርበሬ ስትቀነጥስ የኖረች ናት፣ «ልጄ፣ ከጨውና ከውሃ የቱ ይበልጣል ብትዪኝ ምን እልሻለሁ? ሁለቱም ከሌሉ ወጥ የለም» አለቻት።

«ሁለቱም ካላችሁኝ አይቀበልም፣ እትዬ።»

ዐምና በዐቢይ ጾም መካከል፣ ሽሮ በሚፈለግበት ሰዓት፣ እህል አልቆብን ወፍጮው ቆሞ ነበር። ያ ትዝ ብሏቸው ሁሉም በአንድ አፍ «ብዛት!» አሉ። ከዚያ ብዛትና ርቀት፣ ርቀትና በቀኑ መድረስ፣ እየተባለ ጥንድ ጥንዱን ስንመልስ ዋልን። ሰናይት አቅራቢዎቹንም አንድ በአንድ በስልክ ጠየቀች። በመጨረሻ ሰሌዳው ላይ ለሦስቱም ቀለም ወጣላቸው፤ አረንጓዴ ያለፈ፣ ቀይ የወደቀ ነው። የሐሙሲቱ ነጋዴ አረንጓዴ፤ የወንዛዬ ገበሬዎች ማኅበር አረንጓዴ፤ የጋፋት ገበሬዎች ቀይ።

ጋፋት ቀይ ይሆናል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ጋፋት እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው፤ በእግር ይኬዳል። ማኅበሩ ከተቋቋመ ጀምሮ ባቄላ ያመጡልን እነሱ ናቸው። ዘንድሮም ለኛ ብለው ለወረታ ነጋዴ ሳይሸጡ ጎተራቸው ውስጥ አኑረውታል። የምንይዘው ደግሞ ሁለት አቅራቢ ብቻ ነው። ቀዩ ከጸና ነቀዝ ሳይቀድማቸው ለመጣው ሁሉ በጠራው ዋጋ መስጠታቸው ነው፤ ከዚያ ወዲያም በማኅበር መሰብሰባቸው ያበቃል። የነሱ ሰብሳቢ ወይዘሮ እንጉዳይ ወሬውን ሰምታ ቤቴ ድረስ መጣች። ደጄ ላይ ቆማ «አያ ታደገ፣ ምን በደልን?» አለችኝ። ግቢ ብላት አልገባ አለች።

ምን ልመልስላት? ማን እንደፈረደባቸውም አላውቅ። ሰናይት ሦስቱንም ቦታ ሄዳ በዓይኗ አይታ ነው ምርጫው የሚዘጋው፤ የሚዘጋውም ዓርብ ማታ ነው ሲሉ ሰማሁና «እኔም ልሂድ» አልኩ። ሄጄ ምን እንደማደርግ ግን አላውቅም ነበር።

ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ዓለም በር

መንገዱ ይወርዳል፣ ይጠመዘዛል። የጉና ተራራ ከኋላችን ደመናውን ተከናንቦ ቀረ። የድንጋይ ካብ፣ የታጨደ የገብስ ማሳ፣ ባሕር ዛፍ የጫነች አህያ፣ ነጠላዋን አገልድማ ከአህያዋ ኋላ የምትሮጥ ሴት። ዓለም በር ወርደን ሻይ ጠጣን፣ ትኩስ ዳቦ በላን። ብርዱ ለቀቅ ስላደረገኝ ጋቢዬን ከራሴ ላይ አወረድኩ።

«ሰናይት» አልኳት፣ «እንደው ይህ ሲስተም እንዴት አድርጎ ነው የሚያስበው?»

«አያስብም፣ አያ ታደገ። እናንተ ያላችሁትን ነው የሚያባዛውና የሚደምረው።»

«ታዲያ ጋፋትን ቀይ ያልናቸው እኛ ነን?»

ዳቦዋን አስቀመጠች። «እ... በአንድ በኩል አዎ። ብዛት ይበልጣል ብላችኋል።»

«በሌላ በኩልስ?»

«በሌላ በኩል የነሱ መልስ ነው። ያላቸው እህል ትንሽ እንደሆነ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ።»

ኑሩ ሻዩን ፉት እያለ «እንግዲህ ጥፋተኛው ከሁለት አንዳችሁ ናችሁ፤ ሲስተሙ ግን ነፃ ነው» አለ። እኔ የባሰ ግራ ገባኝ። እንጉዳይ ደጄ ቆማ ምን በደልን ያለችው ራሷ በራሷ ላይ መስክራ ነው? ሁለተኛ ሻይ አዘዝኩ።

አምስት ሰዓት፣ ሐሙሲት

ወረታን አልፈን፣ የጉማራን ድልድይ ተሻግረን ሐሙሲት ገባን። ገበያ ነው። አስፋልቱ ዳር ድረስ ሰው ፈሷል፤ ሽንኩርት በጆንያ፣ ሸንኮራ በእስር፣ ፍየል፣ የላስቲክ ጀሪካን፣ ልባሽ ጨርቅ፣ ቲማቲም የደረደረች ልጅ እግር ሴት። ወያሎች «ባሕር ዳር! ባሕር ዳር! አንድ ሰው!» ይላሉ፤ ሚኒባሱ ውስጥ ግን የተቀመጠው አንድ ሰው ነው።

የሐጂ ሰዒድ መጋዘን ከገበያው ጀርባ ነው። ሐጂ በኔ ዕድሜ ያለ፣ ጢሙን ያቀላ፣ ወፍራም ሰው ነው። እውነቱን ለመናገር ነጋዴ አንደኛ መውጣቱ ሳልወድ የተቀበልኩት ነገር ነበር። ከላይ ደህናውን አድርጎ ከታች ድንጋይ ይኖራል ብዬ ልቤ ጠርጥሯል።

ሰናይት «ስንት ኩንታል አለዎት?» አለችው።

ሐጂ ዓይኑን ሳያርገበግብ ቁጥሩን ነገራት። ሽምብራውን ለብቻ፣ አተሩን ለብቻ፣ ባቄላውን ለብቻ። እኔ ደነገጥኩ። በዚያ ሁሉ ወዛደር ፊት እንዲህ ጮክ ብሎ! እሱ ግን «እኔ ነጋዴ ነኝ፣ የምውለው ከቁጥር ጋር ነው» አለና ሳቀ።

ሰናይት ሾል ያለች ብረት አወጣች፤ መካከሏ ቦይ ናት። ጆንያው ውስጥ ሰክታ ስትስባት ከሆዱ እህል ይዛ ትወጣለች።

«ከታች ያለውን ጆንያ» አልኩ ቀስ ብዬ።

ወዛደሮቹ እያጉረመረሙ የላዩን አነሡ፤ ብረቷ ከታችኛው ጆንያ ገባች። የወጣው ሽምብራ ንጹሕ ነው። ሌላ ጆንያ አልኩ፤ እሱም ንጹሕ ነው። እርጥበት የምትለካዋም ዕቃ ደህና ነው አለች።

ሐጂ ትከሻዬን ያዘና «አያ፣ ድንጋዩን አጡት? ከደጅ ላስመጣልዎት?» አለኝ። እሱ ሲስቅ እኔም አፍሬ ሳቅኩ። ሲስተሙ ያየውን እኔ አላየሁም ነበር። ነጋዴውን ሳላውቀው ቀይ ያደረግኩት እኔው ነኝ። ምሳ ካልበላችሁ ብሎ ያዘን፤ ለኔና ለሰናይት ከክርስቲያን ምግብ ቤት አስመጥቶ፣ እሱና ኑሩ ከቤቱ የመጣውን ይዘው አጠገባችን ተቀምጠው፣ እየተቀላለድን በላን።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ ወንዛዬ

ወደ ወንዛዬ የሚገባው መንገድ አቧራ ነው። ቆላው ሞቀ፤ ጋቢዬ አሁን መቀመጫዬ ሆኗል። የገበሬዎቹ መጋዘን ያማረ ነው፤ አዲስ ቆርቆሮ፣ ሰማያዊ በር። ደሳለኝ የሚባል ጎልማሳ ሒሳብ ሹም ተቀበለን። ሸሚዙን ተኩሶ ለብሷል፤ ስንመጣ ሲጠብቀን እንደዋለ ያስታውቃል።

በሩን ሲከፍተው ግማሹ ባዶ ነው።

ሰናይት ሰሌዳዋን አየች፤ መጋዘኑን አየች፤ ሰሌዳዋን አየች። «በስልክ ያሉኝ ከዚህ ብዙ ነው።»

«አዎ፣ ያልኩት እውነት ነው» አለ ደሳለኝ። «ኑ ላሳያችሁ።» ወደ ጓሮ ወሰደንና በእጁ ወደ ሜዳው አመለከተ። ሽምብራው ከማሳ አልተነሣም። ከፊሉ ደርቋል፣ ከፊሉ አረንጓዴ ነው። «ይኸውላችሁ። ሁልጊዜ ከዚህ መሬት የምናገባው ያን ያህል ነው።»

«ግን አልገባም እኮ።»

«ይገባል።»

«ጾሙ ሳይያዝ ይደርሳል?»

«እግዚአብሔር ካለ።»

ሰናይት «ሲስተሙ እግዚአብሔር ካለ የሚል ቦታ የለውም» አለች፤ ስትለው እሷም አልደላትም። ባዶውን ግማሽ ፎቶ አነሣች። ሰሌዳው ላይ ወንዛዬ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ተለወጠ። ደሳለኝ ሸሚዙን እያስተካከለ «ቢጫ ደህና ነው?» ብሎ እኔን ጠየቀኝ። እኔን! ምን እንዳልኩት አላስታውስም። ዋሽቷል እንዳልል አልዋሸም፤ ማሳው ይታያል። እውነት ተናግሯል እንዳልል መጋዘኑ ባዶ ነው።

አመሻሹ ላይ ለጉልበቴ ብዬ ፍል ውሃው ገባሁ። አጠገቤ ከእብናት ለሕመሙ የመጣ ሽማግሌ ገበሬ ተዘፍዝፏል።

«ለመታጠብ ነው አመጣጥዎ?» አለኝ።

«እህል ልናይ ነው። የሚያቀርቡልንን ሰዎች እህል እየዞርን እናያለን፣ ስንት እንዳላቸው እንጠይቃለን።»

ሽማግሌው ከውሃው ቀና አለ። «የሰው እህል? የሰው እህል ደግሞ ስንት ነው ይባላል?»

ያኔ ነገሩ ገባኝ። እንጉዳይ ለሰናይት በስልክ የመለሰችላት መልስ ምን እንደሚሆን ታየኝ። እኔም ብጠየቅ የምመልሰው ያንኑ ነው። እዚያው አደርን፤ እኔ ግን ስገላበጥ ነው ያደርኩት። ለሰናይት ልንገራት ወይስ አልንገራት? ብነግራት ተረት ይመስላታል፤ ባልነግራት እንጉዳይ ቀይ ሆና ትቀራለች።

ዓርብ፣ ስምንት ሰዓት፣ ጋፋት

በመጣንበት ተመለስን። ዳገቱን ስንወጣ ብርዱ እንደገና ተቀበለን፤ ጋቢዬም ወደ ትከሻዬ ተመለሰ። ጋፋት ስንደርስ መኪናዋን ከመንገድ ዳር ትተን የእግር መንገዱን ያዝን። ጥንት መድፍ የተሠራበት ነው እየተባለ እንግዳ መጥቶ የሚያየው ቦታ ነው፤ አሁን ግን በሬ ነው የሚግጥበት።

እነ እንጉዳይ የጋራ መጋዘን የላቸውም። እህሉ በየቤቱ፣ በየጎተራው ነው። እንጉዳይ ቤት ስድስት ሰባት ሰው ተሰብስቦ ጠበቀን። ዓርብ ስለሆነ አሹቅና ጠላ ቀረበ። እንጉዳይ ሁሉን ታስተናግዳለች፤ እኔን ግን ዓይኔን አታየኝም።

ሰናይት ሰሌዳዋን አወጣች። «እማማ፣ ስንት ኩንታል ባቄላ አላችሁ?»

«ተመስገን ነው፣ ልጄ። አልራብንም።»

«ይመስገን። ግን ስንት ይሆናል?»

«እንደው ትንሽ ትንሽ አለች።»

«በስልክም ትንሽ አሉኝ። ትንሽ ስንት ነው ስልዎ፣ አምስት ስድስት ብትዪው አሉ። አምስት ብዬ ጻፍኩት። አምስት ኩንታል ሲባል ነው ቀይ ያደረገው።»

«ምን ልበል ታዲያ?» አለች እንጉዳይ። «አፌን ሞልቼ ልናገር?»

«ካልሆነ ጎተራውን ልየው?» ስትል ሰናይት፣ ሰው ሁሉ ወደ ጠላው አቀረቀረ። አንዱ ሳል ሳይዘው ሳለ።

ከዚህ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም። «ሰናይት» አልኳት፣ «በኛ አገር የጎተራ እህል በአፍ አይጠራም። አውድማ ላይ ሲሰፈር እንኳ ሰው አይናገርም። ይህን ያህል አለኝ ያለ በረከቱን አስነሣ ይባላል። እንግዳም ጎተራ ውስጥ አንገቱን አያስገባም። ሴትዮዋ አልዋሸችሽም። ያላት እንዳይሄድባት ነው።»

ሰናይት ከእኔ ወደ እንጉዳይ፣ ከእንጉዳይ ወደ እኔ አየች። «ታዲያ ይህን እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም፣ አያ ታደገ?»

«አለማወቅሽን እስከ ትናንት ማታ አላወቅኩማ።»

ሰሌዳዋን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ አሹቁን መቆርጠም ያዘች። እኔ ነገሩን አባባስኩት እንዴ ብዬ ፈራሁ። ያለ ቁጥር ሲስተሙ አይቀበል፤ ቁጥር እነሱ አይናገሩ። ፀሐይዋ ወደ ማዘቅዘቁ ናት፤ ማታ ይዘጋል።

በመጨረሻ ቀና አለችና፣ «እሺ፣ ባዶ ጎተራ ያለው ማነው?» አለች።

ቤቱ በአንዴ ተነሣ። ስለ ማጣት ማን ዝም ይላል!

«ባዶማ ምን በወጣን!» አለች እንጉዳይ።

«የኔ አንድ ስንዝር ጎድሏል» አለ ውባለም የሚባል ረጅም ገበሬ፤ «ለወንድሜ ለዘር ሰጥቼ።»

«ለዘር ነው ለጠላ ቤት?» አለችው ከጎኑ ያለች ሴት።

«አንቺ ደግሞ! ያንቺው ለልጅሽ ምጥን ሽሮ ተብሎ እስከ ወገቡ አልወረደም?»

«ወርዷል፤ አልወረደም ማን አለ?»

እየተሳሳቁ፣ እየተነቋቆሩ የጎደለውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገሯት። ሰናይት ትጽፋለች። ከዚያ ደግሞ እንደዋዛ አድርጋ «ጎተራው ራሱ፣ ባዶውን ሲሠራ፣ ስንት እንዲይዝ ተደርጎ ነው?» አለች።

እንጉዳይ አሰበች። ወደ እኔ አየች። ከመጣን የዚያን ጊዜ ገና ዓይኔን ማየቷ ነው። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ፤ ጎተራ እንግዲህ ጭቃና ጭድ ነው፣ ስለ ጭቃ ቢወራ ምን ይሆናል? እንጉዳይ ነገረቻት። የሁሉም ልክ አንድ ነው።

እህሉን ለማየትም መላ ተገኘ። ጎተራ ከታች፣ እህል የሚወጣባት በጨርቅ የተወተፈች ቀዳዳ አለችው። እንጉዳይ ውታፉን ነቅላ አንድ ሳህን ባቄላ አፈሰሰችላት። ክዳኑን የነካ የለም። ባቄላው ደረቅ ነው፣ እንደ ጠጠር ይንሿሿል። በየቤቱ እንዲሁ ተደረገ። ፎቶው ግን ክዳኑ የተከደነ ጎተራ ብቻ ነው፤ ሰናይት «እንግዲህ ይኸው ነው» ብላ አነሣችው።

ኔትወርክ እምቢ አለ። ጉብታው ላይ ወጣን፤ ሰው ሁሉ ተከተለን። ሰናይት ከሚይዘው ላይ የጎደለውን ቀነሰችና አንድ ቁጥር ጻፈች። እኔ ከትከሻዋ ኋላ ነበርኩና ዓይኔ አረፈበት። ሰሌዳው ላይ አንዲት ክብ ዞረች፣ ዞረች፤ ጋፋት አረንጓዴ ሆነ።

ሰናይት «እማማ፣ አሁን ስንት እንደሆነ...» ብላ ሰሌዳውን ወደ እንጉዳይ ልታዞር ስትል፣ እንጉዳይ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ጣል አድርጋ «እንዳትነግሪኝ! እንዳታሳዪኝ! አረንጓዴ ነው በይኝና ይበቃኛል» አለቻት።

«አረንጓዴ ነው።»

እልልታው ቁልቁል ወረደ። እንጉዳይ መጥታ ጉልበቴን ልትስም ስትል ያዝኳት። «ምንም አልበደላችሁም ነበር» አልኳት። ደጄ ላይ ቆማ ስትጠይቀኝ ያጣሁላት መልስ ይህ ነበር።

ሰሌዳው ላይ ግን፣ የሚያዘው ሁለት ብቻ ነውና፣ ወንዛዬ ከቢጫ ወደ ቀይ ወርዶ አየሁ። ደሳለኝ የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ ታየኝ። እነዚህ ያላቸውን የለንም ብለው፣ እሱ የሌለውን አለን ብሎ፣ ሁሉም ሳይዋሽ አንዱ ወደቀ። ሲስተሙ ትክክል ነው? ሰናይትን ጠየቅኳት።

«እኔም እሱን እያሰብኩ ነበር» አለችኝ። «ሽምብራቸው ሲገባ እንዲደውል እነግረዋለሁ። ለቀጣዩ ምርጫ ይደርሳል።» ይህ ይበቃው አይበቃው እስካሁን አላውቅም።

ዓርብ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ደብረ ታቦር

ባልትናው በር ላይ ሴቶቹ ነጠላቸውን ተከናንበው ቆመው ይጠብቁናል። መኪናዋ ሳትቆም እትዬ ዘውዲቱ ወደ መስኮቱ መጣች።

«ጋፋትስ?»

«አረንጓዴ ሆኑ።»

«እሰይ! እሰይ! ለጾሙ ይበቃናላ? ስንት አላቸው?»

አፌን ከፈትኩ። ቁጥሩ ምላሴ ላይ ነው፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሰናይት ከኋላዬ ሳቋን ይዛ ትጠብቃለች፤ ኑሩ ሞተሩን አጥፍቶ ጆሮውን ጣለ።

«ተመስገን ነው» አልኩ። «የሚበቃ አለ።»

እትዬ ዘውዲቱ ሌላ አልጠየቀችኝም። እናንተም አትጠይቁኝ፤ ባቄላው ገና ከጎተራው አልወጣም።